ምዕራፍ 6፦ ከፍ ያለ ፒክአፕ በልደታ ግቢ

ሃይሉክስ ከፋብሪካው ሲወጣም ቢሆን ትንሽ መኪና አይደለም። አዲሱ ባለሁለት ጋቢና ርዝመቱ 5 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ85፣ ቁመቱ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 ግድም ነው። የመጀመሪያው ሞዴል በ1968 እ.ኤ.አ. ከተሠራ ወዲህ ትውልድ በተቀየረ ቁጥር እያደገ ነው እዚህ የደረሰው። ያም ሆኖ ለአንዳንድ ባለቤቶች አይበቃቸውም። ጋራዥ ወስደው አምስትም አሥርም ሳንቲ ሜትር ያስነሱታል፣ ሰፋ ያለ ጎማ ያስገጥሙለታል፣ ማታ ደግሞ ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። ቤታቸው ግን በረሃ ውስጥ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ማታ ወደ ቤት መግባት ነው። መኪና ማስነሳት ምን ጥቅም እንዳለው ሻጩም ባለጋራዡም ደጋግሞ ይነግራችኋል። ከፍታው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚያስከፍለውን ግን ማንም አይነግራችሁም። ክፍያውን አንዳንዴ ባለመኪናው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤቱ ነው የሚከፍለው።

በአዲስ አበባ መኪና ከፍ ማድረግ የቅንጦት ፈሊጥ ብቻ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መገደቢያ፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ክረምት የበላው አስፋልት ባለበት ከተማ ቪትዝና ኮሮላ ሳይቀሩ ሞላቸው ላይ ስፔሰር ገብቶላቸው ሲሄዱ ኖረዋል። ሆዱ መሬት እየነካ የሚያስለቅስ አነስተኛ መኪና ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ምክንያት አለው። ፒክአፑ ግን መጀመሪያውኑ ያ ችግር የለበትም። በልደታና በሜክሲኮ መካከል ሃይሉክስን ሆዱን የሚነካው ነገር ቢፈለግ አይገኝም።

አሠራሩን እንመልከት። በድሮው ሃይሉክስ ፊት ለፊት ያለው ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር የሚባል እየተጠመዘዘ የሚሸከም ረዥም ብረት ነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ብሎኑን ጥቂት ዙር ሲያጠብቀው የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። የሚገዛ ዕቃ ስለሌለው ርካሹ መንገድ ይኸው ነው። ኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ይደረብበታል። በአዲሶቹ ፊት ለፊት ሞላና አሞርዛተር አብረው ስላሉ ወይ ስፔሰር ይገባል፣ ወይ ረዘም ያለ ሞላ ይቀየራል። ጋቢናውን ከሻንሲው ለይቶ መሐል ላይ ድጋፍ በማስገባት አካሉን ብቻ የሚያነሳም አለ። በመጨረሻ ትልልቅ ጎማ ይመጣል፤ ከፍታው ለዓይን የሚሞላው እሱ ሲገጠም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከመሬት የራቀው ምንድን ነው?

ፒክአፕ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ድንጋይ የሚያገኘው የኋላውን ዲፈረንሻል ነው፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ተንጠልጥሎ የሚታየውን ያን ድቡልቡል ብረት ማለት ነው። የኋላው አክስል ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ሲሆን ባሌስትራው የተቀመጠው ከእሱ በላይ ነው። ስለዚህ ባሌስትራ ተደርቦ ጋቢናው አሥር ሳንቲ ሜትር ቢነሳ አክስሉ እዚያው የነበረበት ይቀራል። አካሉን ከሻንሲው የሚለየው ዘዴም ያው ነው። አክስሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። የሃይሉክስ የተለመደ ጎማ 265/65 ባለ 17 ነው፤ ዲያሜትሩ ወደ 77 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ብዙዎች የሚቀይሩት 285/70 ደግሞ 83 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆንም አክስሉ ያለው ከጎማው መሐል ላይ ስለሆነ የሚነሳው በግማሹ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለእሱ ነው እንግዲህ ጋቢናው ፎቅ የወጣው።

እርግጥ የመኪናው ሆድና ፓራውርቱ ከፍ ስለሚሉ ገደል ሲወጣ አፍንጫው አይመታም፤ የፊተኛው ዲፈረንሻልም ሻንሲው ላይ የታሰረ በመሆኑ አብሮ ይነሳል። ይህን የሚፈልግ ሥራ ያለው ሰው አለ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የልደታው ባለፒክአፕ ግን ያ ሥራ የለውም።

ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመልሶ ማልማት የተነሳ ሰፈር ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ከልደታው ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ ኮንዶሚኒየሞቹ ተተከሉ። የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብሩ የታሰበው ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ነዋሪ ስለነበር በብሎኮቹ መካከል የቀረው ቦታ ለመኪና መደርደሪያ ብቻ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። እዚያው ልብስ ይሰጣል፣ በርበሬ ይሰጣል፣ ሰርግም ለቅሶም ሲሆን የእድር ድንኳን ይተከላል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ይመታል። መኪና በዚህ ሁሉ መካከል እየተሹለከለከ ነው የሚገባው።

ከፍ ያለ ፒክአፕ ወደዚህ ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ገመድ ነው። የድንኳን ገመድ ለሰውና ለአውቶሞቢል ቁመት ተለክቶ ነው የሚወጠረው። ጣራው ላይ የዕቃ መጫኛ የገጠመ የተነሳ ሃይሉክስ ከሁለት ሜትር ስለሚያልፍ ዘበኛው ገመዱን በእንጨት ቀና አድርጎ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ መዞር ይመጣል። ሃይሉክስ በአንድ መሪ ዙሮ ለመመለስ ወደ 13 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ሰፊ ጎማ ተገጥሞ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎማው ሻንሲውን ወይም የጭቃ መከላከያውን እየፋቀ ያጉረመርማል። ባለቤቱ በዚያ ድምፅ ይሳቀቅና መሪውን ሳይጨርስ ይመልሳል፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ከጎኑ ያቆመው ጎረቤት በረንዳ ላይ ቆሞ ስፖኪዮውን ይጠብቃል። ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ደግሞ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ቁመት ሳያነቡ መግባት አይቻልም። ጣራው ቢያልፍ እንኳ አንቴናው ወይም የዕቃ መጫኛው ቧንቧ ይነካል።

ይህ ሁሉ ግን ንዴት እንጂ አደጋ አይደለም። አደጋው ከኮፈኑ ፊት ለፊት ነው።

ሹፌር ከኮፈኑ ጫፍ ወዲያ ያለውን መሬት አያይም። ምን ያህሉን እንደማያይ በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። የሹፌሩ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ65፣ የኮፈኑ ጫፍ 1 ሜትር ከ10፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ80 ነው እንበል። ከዓይኑ ተነስቶ የኮፈኑን ጫፍ ነክቶ የሚወርደው መስመር መሬት የሚደርሰው ከኮፈኑ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን፣ ማለትም የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ፣ ከኮፈኑ 65 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቢቆም ጸጉሩ እንኳ አይታይም። መኪናው አሥር ሳንቲ ሜትር ሲነሳ ይህ ድብቅ ቦታ ወደ 1 ሜትር ያድጋል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ኳስ ለማንሳት ያጎነበሰ ልጅ የሚይዘው ቦታ ግን ከዚያ አይበልጥም። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሹፌር ሩቅ ስለሚያይ ሁሉን ያየ ይመስለዋል።

ጉዳዩ በማየት ብቻ አያበቃም። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ቁመት ከ1 ሜትር የሚበልጥ ተሽከርካሪዎች እግረኛ ሲገጩ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለ መኪኖች ይልቅ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝቅ ያለ መኪና እግር ይመታና ሰውየውን ኮፈኑ ላይ ያወጣዋል፤ ከፍ ያለው ደረትና ራስ ይመታና ወደ ጎማው ይጥለዋል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት መካከል አብዛኛዎቹ እግረኞች ናቸው። እዚህ ከተማ ውስጥ ኮፈን ከፍ ማድረግ የባለመኪናው የግል ምርጫ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ከልጆቹ ቀጥሎ አዛውንቶቹ አሉ። ልደታ ወር በገባ በ1ኛው ቀን፣ ይልቁንም በግንቦት ልደታ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ሰፈር ነው። ጎረቤት መኪና ካለው ያደርሳል፤ ወጉ ነው። ከፍ ያለው ፒክአፕ በሩ ሲከፈት ወለሉ የአሮጊቷ ጉልበት ላይ ሳይሆን ከጭናቸው በላይ ይደርሳል።

«ወዴት ነው የምረግጠው ልጄ?»

«እዚህች ላይ እማማ፤ ቀኝ እግርዎን ያንሱ፣ እኔን ይያዙ።»

አንድ እጅ በሩን፣ አንድ እጅ የልጁን ትከሻ ይይዛል፤ ነጠላው ይወድቃል፣ ቀሚሱ ጭቃ የነካው መርገጫ ላይ ይታበሳል። መውጣቱ እንደምንም ይሆናል። መውረዱ ነው የከፋው፤ እግር መሬት ፍለጋ አየር ላይ ይንጠለጠላል። በሚቀጥለው ወር እማማ «በእግሬ ይሻለኛል» ይላሉ። ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሕፃን የታቀፈ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። ሰው ለመጫን የተገዛ ባለሁለት ጋቢና ሰው የማይወጣበት ሲሆን ከዚህ የባሰ ጉድለት አላውቅም።

ዕቃም አይቀርለትም። ፒክአፕ ካሶኒ ያለው ለጭነት ነው። ኩንታል ጤፍ በሁለት ሰው ተይዞ ወገብ ድረስ ማንሳትና ደረት ድረስ ማንሳት ለተሸካሚው አንድ አይደለም፤ ዋጋውንም ከፍ አድርጎ ይጠይቃል። ላቫጆም ቢሆን ጣራውን የሚያጥበው ልጅ በርሜል ላይ መቆም አለበት።

አሁን ማታውን እናስብ። የመኪና አጭር መብራት ሲስተካከል ጨረሩ ወደ ፊት በሄደ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት እንዲወርድ ተደርጎ ነው። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀና ያለ ስለሆነ ብዙዎች «ይስተካከልልኝ» ብለው ፊቱን ብቻ ያስነሳሉ። ፊቱ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ እንበል። በሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስቱን ለእሱ ስናካፍለው መኪናው በየሜትሩ 1.6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አንጋጠጠ ማለት ነው። ይወርድ የነበረው ጨረር መውረዱ ቀርቶ በየሜትሩ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ይወጣል። በ20 ሜትር ርቀት ከመብራቱ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት የነበረበት ብርሃን 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ልክ ከፊት ለፊት የሚመጣው የቪትዝ ሹፌር ዓይን አካባቢ ነው። ካሶኒው ላይ ሁለት ኩንታል ሲጫንበት ደግሞ ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ይበልጥ ቀና ይላል። ሰዎች ረዥም መብራት የበራ መስሏቸው ያብለጨልጩበታል፤ እሱ አጭር እንዳበራ እርግጠኛ ስለሆነ ይናደዳል። መፍትሔው ከማንሳቱ ጋር በአንድ ቀን የሚሠራ ነው፤ መብራቱን ግድግዳ ፊት አቁሞ በብሎን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሆኖም የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ትልቁ ጎማ የሚያበላሸው ሌላ ነገር ቆጣሪውን ነው። ዲያሜትሩ በ7 በመቶ ስለጨመረ አንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድም በ7 በመቶ ይረዝማል። የአዲስ–አዳማን ፈጣን መንገድ ይዞ ቆጣሪው ላይ 100 የሚያነብ ሹፌር ወደ 107 እየሄደ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች ፍጥነት አመልካቹን ጥቂት አብልጦ እንዲያሳይ ስለሚያደርጉት ከዚህ የተወሰነው ይካካሳል። የተሄደበትን ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ግን የሚያካክስለት የለም፤ 5,000 ሲል ዘይት የሚቀየርለት መኪና በእውነቱ 5,350 ሄዷል። ፍሬኑም ያው ነው። ጎማው ሲተልቅ በዚያው የእግር ጫና መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ጎማው ራሱ ደግሞ ከባድ ነው።

ሞተሩም ይደክማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍታ ሞተር መጀመሪያውኑ የጎደለ አየር እየሳበ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ማድረግ በእያንዳንዱ ዳገት ማርሽ እንደጎደለው አድርጎ መንዳት ነው፤ ቀድሞ በሦስተኛ የወጣውን በሁለተኛ ይወጣል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ናፍታ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ በኪስ የሚታወቅ ነገር ሆኗል።

ስለ መገልበጥ አጠር አድርጌ ልናገር። አንድ መኪና በጎኑ እንዳይገለበጥ የሚይዘው በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ሲሆን የሚጥለው ደግሞ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ ነው። የስፋቱ ግማሽ 77 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 75 ቢሆን ከአንድ ጥቂት ይበልጣል። ከፍታው ወደ 83 ሲሄድ ከአንድ በታች ይወርዳል። ያልተነሳው ሃይሉክስ እንኳ በዚህ ረገድ ሲፈተን አልቀናውም። ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለው የስዊድን መጽሔት ድንገት መንገድ ላይ የገባ እንስሳን ሸሽቶ መመለስን በሚመስለው ፈተናው በ2007 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ሃይሉክስን በሁለት ጎማ ሲያቆመው ታይቷል። አዲስ አበባን ለቆ በወጣ ሹፌር ፊት ላምና አህያ ድንገት መግባታቸው ብርቅ አይደለም።

ጋራዡስ? የፊት እግሮቹን የሚያዞሩት ዘንጎች ከፋብሪካው ልክ ውጭ ሲታጠፉ የቅባት መያዣ ላስቲካቸው ቶሎ ይቀደዳል። የኋላው ክሮቼራ ይንጫጫል፤ ባልጆይንቱና ኩሽኔታው ዕድሜያቸው ያጥራል። አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በአንድ በኩል ተላጭቶ ያልቃል፤ የአንድ ጎማ ዋጋ ስንት እንደሆነ ደግሞ ባለመኪና ሁሉ ያውቀዋል። ስኮርታው በድሮው መጠን ከቀረ በቸገረ ቀን የሚገጠመው የማይመሳሰል ጎማ ነው። አብሮ የመጣው ክሪክም ላይደርስ ይችላል። ክሪክ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መኪና ማንሳት ደግሞ ሰው ይገድላል።

ወረቀቱንም መርሳት አይገባም። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ነው። የንግድ ሕጋችን የኢንሹራንስ ክፍል ደግሞ አደጋን የሚያብስ ለውጥ ሲደረግ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል። ሳያሳውቁ አስነስቶ ካሣ መጠየቅ ለክርክር በር መክፈት ነው።

ከፍ ያለ ፒክአፕ የሚያስፈልገው ሰው አለ ብያለሁ። በክረምት መረሬ መሬት አቋርጦ የጤና ዕቃ የሚያደርስ፣ ወንዝ እየተሻገረ የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ የሚከታተል፣ መንገድ ሳይጠረግ ቀድሞ የሚገባ ቀያሽ ነው። እነዚህም ቢሆኑ መረሬ ላይ የሚያወጣቸው የጎማው ጥርስና የሹፌሩ ችሎታ እንጂ የጋቢናው ከፍታ አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ መኪና ቁመቱ ምን ቢሆን ሰምጧል። ብዙዎቹ ከፋብሪካው እንደወጣ መኪና እየነዱ ነው ሥራቸውን የሚሠሩት። ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ቦሌ ለሚመላለስ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ካስተካከለው ወዲህ ሰበቡም አልቆበታል። ፍርዴ ይህ ነው፦ ያረጀውን ሞላና አሞርዛተር በልኩ ቀይሮ፣ ጥርሱ ደህና የሆነ ጎማ አስገብቶ፣ ገንዘቡን ማትረፍ።

አስቀድሞ ያስነሳ ወይም የተነሳ የገዛ አንባቢ ካለ ሦስት ነገር ልለምነው። ዛሬውኑ መብራቱን ያስወርድ። አላይመንቱን ያሠራ፤ የፍሬን ቱቦው መሪው ሲጠመዘዝ እንደማይወጠርም ያሳይ። ከሁሉ በላይ ግን ግቢ ውስጥ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ወርዶ በኮፈኑ ፊት ይዙር፤ የፊት ካሜራ ቢኖረውም ይዙር። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው መኪናውን ከብሎኩ ራቅ አድርጎ፣ ልጆች ከማይጫወቱበት ያቁም።